ለዘመመው ሱቅ ባላ የሚቆረጠው ከይፋት ነው?

የአክሲዮን ሻጭ ድሮ የሚገኘው ቦሌና ካዛንቺስ ነበር። ከረባቱን አሥሮ፣ ባለቀለም ወረቀቱን ዘርግቶ ደመወዝተኛውንና ዲያስፖራውን ሲያባብል ይውል ነበር። ዘንድሮ ግን ቆላ ወርዷል። ጣርማ በርን አልፎ፣ ደብረ ሲናን ተሻግሮ ሸዋ ሮቢት ገብቷል። በጎረቤላ በኩልም ቁልቁል ተንደርድሮ አሊዩ አምባ ደርሷል። በሰላም እጦት ስንት ጊዜ ሲዘጋ ሲከፈት የከረመውን መንገድ እሱ እንዴት እንደሚሻገረው እግዜር ይወቅ! ማዳበሪያ በሰዓቱ ያልደረሰበት ቀበሌ የአክሲዮን ፎርም ይደርሳል።

ይዞት የሚዞረው ደግሞ የባንክ ወይም የሲሚንቶ ፋብሪካ አክሲዮን አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ በትልልቅ ጎዳናዎች ላይ ቅርንጫፍ የከፈተ፣ አሁን ግን መደርደሪያው የሳሳበት፣ በሩ ላይ ከደንበኛ ይልቅ ዘበኛ የበዛበት የችርቻሮ መደብር አክሲዮን ነው። ስሙን አልጠራም። አንደኛ፣ ነገሩ የአንድ ድርጅት ነገር ብቻ አይደለም። ሁለተኛ፣ በየጋዜጣው በጽሑፍ ልክ የሚከፈለው እንደኔ ያለ ሰው ፍርድ ቤት መመላለሻ የታክሲ ገንዘብ የለውም።

ወሬውን የሰማሁት አሊዩ አምባ ለለቅሶ በወረድኩ ጊዜ ነው። የእናቴ ወንድም ባለሱቅ ናቸው። ጨው፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ ባትሪ ድንጋይ፣ የጫማ ቀለም ሳይቀር ይሸጣሉ። ከድንኳኑ ወደ ጓሮ ጠሩኝና በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት ከኪሳቸው አወጡ። «አንተ የተማርክ ነህ፣ እስቲ ይችን እይልኝ» አሉኝ። ወረቀቱ የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 1,000 ብር እንደሆነና «ለተወሰነ ጊዜ ብቻ» በ600 ብር እንደሚሰጥ ያትታል።

«የሺ ብሩ በስድስት መቶ ነው፣ ልጄ። በግ ቢሆን ዝም ይባላል?»

«ጋሼ፣ በጉ ያስላል አያስልም ብለው ጠየቁ?» አልኳቸው።

ሳቁ። «በጉን መች አየሁትና! ያየሁት ፎቶውን ነው።»

አንባቢ ሆይ፣ የነገሩ ሁሉ ቋጠሮ እዚህች መልስ ውስጥ ነው ያለው። አጎቴ ኩንታል ስኳር ሲገዙ ጆንያውን ወግተው በጣታቸው ቀምሰው ነው። ፍየል ሲገዙ ጥርሷን ፈልቅቀው ነው። አክሲዮን ላይ ሲደርሱ ግን ፎቶ አይተው 60 ሺህ ብር ሊያወጡ ተነሥተዋል። ሞኝ ሆነው አይደለም። የሚቀመሰውን የሚያሳያቸው፣ የሚፈለቀቀውን ጥርስ የሚያቀርብላቸው ሰው ስለሌለ ነው።

እስቲ በመጀመሪያ ይችን ቅናሽ እንመርምራት። በንግድ ሕጋችን፣ ከ1952ቱ ጀምሮ፣ አክሲዮን ማኅበር አዲስ አክሲዮን አውጥቶ ሲሸጥ ፊቱ ላይ ከተጻፈው ዋጋ በታች እንዲያወጣ አይፈቀድለትም። 1,000 ብር ተብሎ የተጻፈውን በ1,000 ወይም ከዚያ በላይ እንጂ በ600 አያወጣም። ታዲያ ይህን በ600 የሚቸበችበው ማነው? ማኅበሩ ራሱ ከሆነ ሕግ ጥሷል፣ ይጠየቅ። ማኅበሩ ካልሆነ ደግሞ ሻጩ ቀድሞ የገዛ፣ አሁን ወጥቶ መሄድ የፈለገ ሰው ነው። ከሁለቱ አንዱ ነው እንጂ ሦስተኛ የለውም።

እንግዲህ ሻጩ ወጪ ባለአክሲዮን ከሆነ፣ የአጎቴ 60 ሺህ ብር ወደ መደብሩ ካዝና አንዲት ሳንቲም አይገባም። ስኳር አይገዛም፣ ዘይት አይገዛም፣ የቤት ኪራይ አይከፍልም። በቀጥታ የሚገባው ወደ ወጪው ሰውዬ ኪስ ነው፤ የደላላው ሲቀነስ ማለት ነው። «መደብራችንን እናጠናክር፣ የሀገር ውስጥ ነጋዴ ይበርታ» እየተባለ በየሆቴሉ አዳራሽ የሚደሰኮረው ምንድን ነው ታዲያ? ወጪው ሰው ደግሞ ማን ሊሆን እንደሚችል ገምቱ። መጋዘኑን ያየ፣ የባንኩን ማስጠንቀቂያ ያነበበ፣ ምናልባትም ቦርድ ላይ ተቀምጦ የነበረ ሰው ነው። ከመርከቡ የሚወርደው እሱ፣ የሚሳፈረው የአሊዩ አምባ ባለሱቅ!

ሌላም አለ። «ዕዳው ቤትህ ድረስ አይመጣም» ይላሉ። እውነት ነው፣ ባለአክሲዮን ካወጣው ገንዘብ በላይ አይጠየቅም። ያወጣው ገንዘብ ግን ምን ይሆናል? መደብሩ የከሰረ ዕለት በመጀመሪያ ሠራተኛው ደመወዙን ይጠይቃል፣ ሕጉም ያስቀድመዋል። ባንኩ በመያዣ የያዘውን ይወስዳል። ግብር ሰብሳቢው ይመጣል። በዱቤ ዕቃ የሰጠው አቅራቢ፣ ኪራዩ የተጠራቀመበት ባለሕንፃ ይሰለፋሉ። ባለአክሲዮን የሚደርሰው ድስቱ ከታጠበ በኋላ ነው። በአገራችን መሬቱ የመንግሥት፣ ሕንፃው በኪራይ፣ ዕቃው በዱቤ ነው። የዚህ ዓይነት መደብር የራሱ የሆነ ሀብት ፍለጋ ብትገቡ የምታገኙት ማቀዝቀዣውን፣ መደርደሪያውንና በር ላይ የተሰቀለውን ባለመብራት ስም ነው።

ሱቅ እንዴት እንደሚሞት ባለሱቅ ከኢኮኖሚስት ይበልጥ ያውቃል። አንድ ቀን ደህና አድሮ በማግሥቱ አይዘጋም። መጀመሪያ አቅራቢው ፊቱን ያጠቁራል። እስከ ወር መጨረሻ ይጠብቅ የነበረው «በእጅህ ካልሆነ አላራግፍም» ይላል። ቀጥሎ መደርደሪያው ይሳሳል። ክፍተቱ እንዳይታይ አንድ ዓይነት ማካሮኒ ሦስት መደርደሪያ ሙሉ ይደረደራል። (አዲስ አበባ የምትኖሩ ይህን ማካሮኒ በዓይናችሁ አይታችሁታል፣ አትካዱኝ!) ደንበኛ ሳሙና ፈልጎ መጥቶ ማካሮኒ አይቶ ይመለሳል፤ ሦስተኛ ጊዜ አይመጣም። ከበሩ ፊት ለፊት ያው ሳሙና በላስቲክ ላይ ተዘርግቶ በርካሽ ይሸጣል። ሻጩ ልጅ ኪራይ የለበት፣ መብራት የለበት፣ ደረሰኝ አይቆርጥ። ከዚያ የሠራተኛው ደመወዝ ለሁለት ሳምንት ይዘገያል። ከዚያ «የማስፋፊያ ዕቅድ» ይታወጃል። ማስፋፊያ ሲባል ስትሰሙ ኪሳችሁን ያዙ።

ላለፉት ሁለት ሦስት ዓመታት ደግሞ ችርቻሮ ላይ የወረደው መዓት ቀላል አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲተመን ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ነጋዴ የሆነ ሁሉ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል። የውጭ ዕቃ በ100 ገዝተህ በ130 ብትሸጥ ሒሳብ ሠራተኛህ «30 ብር አተረፍን» ብሎ ይጽፋል፤ ዕቃውን ልትተካ ስትሄድ 180 ገብቷል። በወረቀት አትራፊ፣ በመጋዘን ከሳሪ! በዚያው ዓመት ለዘመናት ለኢትዮጵያውያን ብቻ ተከልሎ የኖረው የጅምላና የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ባለሀብት እንዲከፈት መመሪያ ወጣ። ጥሩ ነው መጥፎ ነው የሚለው ሌላ ክርክር ነው። የዘመመ ሱቅ አክሲዮን ለሚገዛ ሰው ግን ከመንገዱ ማዶ ማን ሊመጣ እንደሚችል ሊነገረው ይገባ ነበር። አጎቴ ባሳዩኝ ወረቀት ላይ ስለዚህ አንዲት መስመር የለችም።

ይህን ለአሊዩ አምባ ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ከተማዋ ራሷ ምስክር ናት። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን አሊዩ አምባ የሸዋ ዋና የንግድ በር ነበረች። ከታጁራና ከሐረር የተነሣው ቅፍለት የአዳልን በረሃ አቋርጦ የሚያራግፈው እዚህ ነበር። አሞሌው፣ ጨርቁ፣ ዶቃው፣ መዳቡ ይገባል። ቡናው፣ የዝሆን ጥርሱ፣ ዝባዱ፣ የሚያሳፍር ቢሆንም ባሪያው ሳይቀር ይወጣል። በ1833 ዓ.ም. የእንግሊዙ መልእክተኛ ካፒቴን ሐሪስ ወደ አንኮበር ሲወጣ ያለፈው በዚህችው በር ነው። ከሱ ቀጥሎ የመጣው ቻርልስ ጆንስተን የተባለ ሐኪምም እዚሁ ተቀምጦ ገበያውን በዓይኑ አይቶ ጽፏል። ያን ጊዜ «የአሊዩ አምባ ገበያ አክሲዮን» የሚባል ወረቀት ቢኖር የማይሻማ ሰው ነበር?

ከዚያስ ምን ሆነ? ገበያዋን ማንም አልዘረፈም፣ ነጋዴዋም አልሰነፈም። አርጎባው ዛሬም ንግድ ያውቃል፣ ሸማውን ይሠራል። የሆነው መንገዱ መዞሩ ነው። ቤተ መንግሥቱ ከአንኮበር ተነሥቶ እንጦጦ፣ ከዚያ አዲስ አበባ ገባ። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። በኋላ ጣሊያን የመኪናውን መንገድ በጣርማ በር ዋሻ አሳልፎ በደብረ ሲናና በሸዋ ሮቢት አወረደው። ቅፍለቱ ቀረ። በ1895 ዓ.ም. አንድ ብልጥ ተነሥቶ «የአሊዩ አምባ ዋጋ በግማሽ ወርዷል፣ ነገ ይመለሳል፣ ሳይወደድ ግዙ» ቢል፣ የገዛው ሰው የልጅ ልጅ ዛሬም ቅፍለቱን እየጠበቀ ነበር።

ሩቅ ሳንሄድ ጎረቤታችን ኬንያን እንይ። ኡቹሚ የሚባል የሱፐርማርኬት ኩባንያ አላቸው። ስሙ በስዋሂሊ «ኢኮኖሚ» ማለት ነው፣ ስም ማውጣት ማን ይከለክላል! እ.ኤ.አ. በ1975 በመንግሥት ድርጅቶች ተቋቋመ፤ በ1992 አክሲዮኑ ናይሮቢ ገበያ ላይ ወጣ፤ በ2006 ዕዳ አንቆት ተዘጋና በአስተዳዳሪ እጅ ገባ። መንግሥት ደግፎት ተነሣ። በ2011 አክሲዮኑ ወደ ሰሌዳው ሲመለስ «ሞቶ የተነሣው ሱቅ» ተብሎ ተጨበጨበለት። በ2014 ከባለአክሲዮኖቹ ተጨማሪ ገንዘብ ለመሰብሰብ አንዱን አክሲዮን በ9 ሽልንግ አቀረበ። ሕዝቡ ከቀረበው በላይ ሊገዛ ተሻማ። ዓመት እንኳ አልሞላውም፤ በ2015 አጋማሽ ሥራ አስኪያጁ ተባረረ፣ በጥቅምት የኡጋንዳና የታንዛኒያ ቅርንጫፎቹ ተዘጉ፣ ዕቃ አቅራቢዎች ገንዘባችን ብለው ጮኹ። በቀጣዮቹ ዓመታት ያ የ9 ሽልንግ አክሲዮን ከአንድ ሽልንግ በታች ወረደ። ልብ በሉ፣ ይህ የሆነው አክሲዮን ገበያ ባለበት፣ ሒሳብ በጋዜጣ በሚታተምበት አገር ነው።

የሀብታሞቹ አገር ሰውም አልዳነም። የእንግሊዙ ደበንሃምስ እ.ኤ.አ. በ2006 በ195 ፔንስ አክሲዮኑን ለገበያ አቀረበ። እየወረደ፣ እየወረደ ሄዶ በ2019 አበዳሪዎቹ ሲረከቡት የባለአክሲዮኖች ድርሻ ባዶ ሆነ። ከነዚያ ባለአክሲዮኖች አንዱ የማይክ አሽሊ ኩባንያ ነበር፣ ወደ 30 በመቶ የሚጠጋ ድርሻ ይዞ! ሚሊየነሩ ከነጠበቃው፣ ከነሒሳብ አዋቂው ያላዳነውን ገንዘብ የእኔ አጎት በምን ያድኑታል? አሜሪካ ውስጥም ቤድ ባዝ ኤንድ ቢዮንድ የተባለው የቤት ዕቃ መደብር በ2023 ኪሳራ ካወጀ በኋላ እንኳ ትንንሽ ገዢዎች «ረከሰ» እያሉ አክሲዮኑን ይሰበስቡ ነበር። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ አክሲዮኑ ተሰረዘ። ዜሮ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው።

«ወድቆ የተነሣ ሱቅ የለም ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። አለ እንጂ! ማርክስ ኤንድ ስፔንሰር እ.ኤ.አ. በ2019 ከለንደን መቶ ታላላቅ ኩባንያዎች ዝርዝር ተባርሮ በ2023 ተመልሷል። በመካከሉ የገዛ ሰው አትርፏል። ግን የለንደኑ ሰው እንዴት ነው የሚገዛው? የኦዲተር ሪፖርት አንብቦ፣ ዕዳውን ቆጥሮ፣ ጠዋት ገዝቶ ካልተመቸው ከሰዓት በኋላ ሸጦ ይወጣል። መግቢያውም መውጫውም ክፍት ነው። የአሊዩ አምባው ገዢ መግቢያውን እንጂ መውጫውን ማን አሳየው? ነገ ልጁ ቢታመም፣ ዝናብ ቢቀር፣ ያን ወረቀት ለማን ይሸጠዋል? ለጎረቤቱ? ለእቁብ ሰብሳቢው?

ገበያ አልተከፈተም አላልኩም። በ1950ዎቹ ማብቂያ በብሔራዊ ባንክ ሥር አክሲዮን ይገበያይ የነበረው ማዕከል ከ1967ቱ ውርስ ጋር ከጠፋ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ተመርቋል። ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆነ፣ ገዳ ባንክ ተከተለ። ደግ ነው። ይህ በሆቴል አዳራሽ የሚቸረቸር የሱቅ አክሲዮን ግን በዚያ ሰሌዳ አላለፈም። አዋጅ ቁጥር 1248/2013 የካፒታል ገበያ ባለሥልጣንን ያቋቋመው አክሲዮን ለሕዝብ ሲሸጥ እውነተኛው መግለጫ ቀድሞ እንዲቀርብ፣ ሻጩም ፈቃድ ያለው እንዲሆን ነበር። አዋጁ ግን ጣርማ በርን አልተሻገረም። ፎርሙ ተሻግሯል።

መንግሥት ራሱ ያየውን አይቷል። 10 በመቶ የኢትዮ ቴሌኮምን ድርሻ፣ 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ አንዱን በ300 ብር ብሎ ዋጋውን ራሱ ቆርጦ በ2017 ዓ.ም. አቀረበ። የመሸጫውን ጊዜ አራዘመ። በመጨረሻ 47,377 ሰዎች 10.7 ሚሊዮን ያህሉን ገዙ፣ 3.2 ቢሊዮን ብር ገደማ ተገኘ። የሚያተርፍ ድርጅት፣ ያውም ስልክ ላይ ተጭኖ የሚገዛ አክሲዮን! ከተሜው ግን ከአሥሩ ዘጠኙን እጅ ትቶት ሄደ። ወይ ገንዘብ የለውም፣ ወይ እምነት የለውም። ለጤነኛው ድርጅት እንዲህ የሆነው ከተሜ ለበሽተኛው እንደማይገዛ ደላሎቹ ገብቷቸዋል። ስለዚህ ነው ወደ ቆላ የወረዱት።

ይፋትን ለምን መረጡ ብትሉ መልሱ ያማል። አጣዬ በ2013 ዓ.ም. በእሳት ጋይታለች። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ገብቶ ወጥቷል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ የሆነውን ሁሉም ያውቀዋል። የማሾና የሽንኩርት ነጋዴው ዕቃ ቢያከማች ይቃጠልብኛል፣ መኪና ቢጭን መንገድ ላይ ይቀርብኛል፣ ብር ቢያስቀምጥ ይረክስብኛል እያለ ነው የሚያድረው። ሱቁ የነደደበት ሰው «ወረቀት አይነድም» ሲባል ጆሮው ይቆማል። ከዕቃ ይልቅስ የሚነደው ወረቀት ነበር! ይህን ፍርሃት አይቶ ገንዘብ የሚለቅም ሰው ነጋዴ አይባልም። አያያዙን አይተው ጭብጦውን ቀሙት የተባለው ለዚህ ነው።

ደግሞ የቆላው ነጋዴ የአክሲዮን ወሬ አዲሱ አይደለም። በምሥረታ ላይ ያሉ ባንኮች አክሲዮን ሲሸጡ ገዝቷል። በ2013 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የባንክ ማቋቋሚያ ካፒታልን ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር ሲያሳድገው ሳይመሠረቱ የቀሩ ነበሩ። ከፋዩ ገንዘቡ እስኪመለስ ሲጠብቅ ከረመ። እነዚያስ ቢያንስ ብሔራዊ ባንክ የሚባል ባለቤት ነበራቸው፣ አቤት የሚባልበት በር ነበር። የዚህኛው ሱቅ ገዢ ወዴት ነው አቤት የሚለው?

እኔ ፎርሙ ላይ ባለው ቁጥር ደወልኩ። ሻጩ ግለሰብ ማነው፣ ኦዲተር የፈረመበት የመጨረሻው ሒሳብ የየትኛው ዓመት ነው፣ ያልተከፈለ ኪራይ ስንት ወር ነው ብዬ ጠየቅሁ። «ይህን የሚያውቀው ዋናው መሥሪያ ቤት ነው» አለኝ ልጁ በትሕትና። የዋናውን መሥሪያ ቤት ቁጥር ሰጠኝ። ይጠራል፣ አይነሣም። በነጋታው ደግሞ ልጁ መልሶ ደወለና ስንት አክሲዮን እንደምፈልግ ጠየቀኝ።

የሚቀጥለው የሽያጭ ስብሰባ ሸዋ ሮቢት እንደሚሆን ለአጎቴ ተነግሯቸዋል። የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን አንድ ሰው ይላክ። ፈቃዱን ይጠይቅ፣ የኦዲተሩን ሪፖርት በአማርኛ ግድግዳ ላይ ያስለጥፍ፣ የወጪዎቹን ሰዎች ስም ያስነብብ። ንግግር ማድረግ የለበትም፤ ከኋላ ወንበር ይቀመጥ። ጥያቄውን የአሊዩ አምባ ባለሱቆች አዘጋጅተዋል፣ የመጀመሪያው «በጉን አሳዩን» የሚል ነው።